በቀሐ ወንዝ አጠገብ ስላለው የነገሥታት የዕረፍት ቤት

ከአዲ አርቃይ ተነሥቶ የሊማሊሞን አቀበት የወጣ፥ ደባርቅንና ዳባትን ዐልፎ ጐንደር የገባ መንገደኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፋሲል ግቢ ነው። የእስኮትላንድ ተወላጅ የነበረው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ መጥቶ ጐንደር ከደረሰ በኋላ ግን የተቀመጠው ከከተማው ወጣ ብሎ፥ እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በቍስቋም ነበረ። ከግቢው ጫጫታ ርቆ የሚቀመጡበት ቤት ማሠራት የጐንደር ነገሥታት ልማድ ነበረና።

እኛ የምንመለከተው ከቍስቋም እጅግ የሚያንሰውን፥ በቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለውንና ሕዝቡ «የፋሲል መዋኛ» የሚለውን ነው። ይህ ስም ጥቂት ያሳስታል፤ የሰሚውን አሳብ ሁሉ ወደ ገንዳው ይስበዋልና። ቦታው ግንብ ባለው የድንጋይ ቅጥር የታጠረ ሲሆን፥ በገንዳው ውስጥ ባለ ሁለት ደርብ ቤት በቅስቶች ላይ ቆሟል። መግቢያውም የድንጋይ ድልድይ ነው። ለመዋኘት ብቻ ቢሆን ኖሮ ደርብ ያለው ቤት ለምን አስፈለገ? ለችሎትና ለግብር እንዳይባል ደግሞ እጅግ ጠባብ ነው። እንግዲህ ንጉሡ ከጥቂት ሰዎች ጋር በዛፍ ጥላና በውኃ መካከል የሚያርፉበት ቤት ነበረ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ለዚህ አሳብ የሚረዳን ከጐንደር በስተደቡብ በአዘዞ ያለው ፍርስራሽ ነው። በዚያ ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን፥ ከእርሱም ጋር የመኖሪያ ቤትና አትክልት አሠርተው ነበር። በአትክልቱም ገንዳ፥ በገንዳውም መካከል ቤት ነበረ፤ በቅርብ ዘመን የእስፓኝ አርኬዎሎጂስቶች ቈፍረው አጥንተውታል። በሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ጋር የህንድ ግንበኞች መጥተዋል፤ በህንድም የሞጎል ነገሥታት በውኃ መካከል የመዝናኛ ቤት ያሠሩ ነበር። የአሠራሩ አሳብ ከዚያ ወገን መምጣቱን የሚናገሩ ሊቃውንት ያሉት ስለዚህ ነው።

ነገሩን አስደናቂ የሚያደርገው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ትተው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲልም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ አባታቸው ግን በዚያው በገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። በቀሐ ያለውም ቤት የአዘዞውን መልክ ይዞ ተሠራ። አንዳንዶች አሠሪው የልጅ ልጃቸው ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው ቢሉም፥ ያም ሆነ ይህ የቤቱ አሳብ በሱስንዮስ ዘር ዘንድ እንደ ጸና ግልጥ ነው። የካቶሊክ ትምህርት ሲጣል በአትክልት መካከል በውኃ ላይ የማረፍ ፈቃድ አልተጣለም። ይህ በመጻሕፍቶቻችን ስለ ሃይማኖት ጠቡ ብዙ ሲጻፍ የሚዘነጋ ነገር ነው።

ዛሬ ገንዳው ከቀሐ በሚመጣ ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። በከተራ ታቦታቱ ወደዚያ ይወርዳሉ፤ በማግስቱም ውኃው ከተባረከ በኋላ ጐበዛዝቱ ዘለው ይገቡበታል። በቀረው ወራት ደረቅ ነው። ቦታው በ1972 ዓ.ም. ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከቀድሞው አትክልት ወገን ለዓይን የሚታዩት ትልልቆቹ ዛፎች ናቸው፤ ሥራቸው በቅጥሩ ላይ እንደ እባብ ተጠምጥሞ፥ ድንጋዩን ባንድ በኩል ይዞ በሌላው በኩል ይሰነጥቀዋል።