አምባሰል፦ አገሩ፣ ዘፈኑና ቅኝቱ

በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ከሐይቅ አልፎ የሚገኘው የአምባሰል ምድር ስሙን ለአንድ የሕዝብ ዘፈን፣ በዘፈኑም በኩል ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ቅኝቶች ለአንዱ ያወረሰ በመሆኑ፣ የሦስቱን ዝምድና ለመረዳት ከአገሩ መነሣት ያስፈልጋል።

አምባሰል በገደል የታጠሩ አምባዎች የበዙበት አገር ነው። ከእነዚህ ስመ ጥሩ የሆነው፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው የግሸን አምባ፣ እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ለዙፋን ይሻማሉ ተብለው የሚፈሩ የነገሥታት ልጆች ተጠብቀው የሚኖሩበት የግዞት ስፍራ ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው ደግሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ግማደ መስቀሉ በዚሁ አምባ ስላረፈ፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአቅጣጫው ወደ ግሸን ማርያም ይወጣሉ። የአካባቢው ገዢዎች «ጃንጥራር» በተባለ የማዕረግ ስም ይጠሩ ነበር፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋውም ከእነርሱ አንዱ ናቸው። የወረዳው ዋና ከተማ ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ውል መጠሪያ ናት።

ዘፈኑ የሚያስታውሰው ግን ከገዢዎቹ ይልቅ ገደሉን ነው። ናፍቆትና ፍቅር በሚገለጡባቸው የአምባሰል ግጥሞች የአምባው ከፍታ፣ በገመድ ተወርዶ ከገደል የሚቆረጠው ማርና የግሸን መንገድ ደጋግመው ይነሣሉ። አዝማሪው በማሲንቆ ወይም በክራር ታጅቦ ዜማውን ሳይለቅ ግጥሙን እንደ አድማጩና እንደ ጊዜው ስለሚለዋውጥ፣ አምባሰል አንድ ወጥ ግጥም ያለው ዘፈን ሆኖ አያውቅም። በዘመናችን ይህን ዜማ በድምፅዋ አስከብራ ከመላው አገር ጋር ያስተዋወቀችው የወሎዋ ማሪቱ ለገሰ ናት።

ቅኝት ማለት አንድ ዜማ የሚመሠረትባቸው ድምፆች ስብስብና የእርስ በርስ ርቀታቸው ሲሆን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት አራቱም ስማቸውን ከታወቁ ዘፈኖች የወሰዱ ናቸው፤ ባቲም እንደ አምባሰል የወሎ አገር፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። አምባሰል ከዶ ቢጀምር ዶ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶልና በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ ይኖሩታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች መካከል ያለው ጠባብ እርምጃና ወዲያው የሚከተለው ሰፊ ዝላይ ለጆሮ መለያው ነው። እነዚሁ አምስት ድምፆች ከፋ ተነሥተው ቢደረደሩ የትዝታ ንዑስ ቅኝት ይሆናሉ፤ ሁለቱን የሚለያቸው ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ስሙ በካሴት ዘመን የታወቀውን አምባሰል ሙዚቃ ቤትንና አምባሰል የንግድ ሥራዎችን ለመሳሰሉ ድርጅቶችም ተሰጥቷል። የሚያሳስበው ግን ቅኝቱ ከዘፈኑ ተነጥሎ የአምስት ድምፆች ስም ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። በአምባሰል ቅኝት የተሠራ ሁሉ የአምባሰል ዘፈን አይደለም፤ ስለዚህ ቅኝቱን የሚያስተምሩ መምህራን አስቀድመው ዘፈኑን ከነአገሩ ሊያስተምሩ ይገባቸዋል።