የሕሙማንና የአስታማሚዎች ማስተማሪያ

የሕሙማን ማስተማሪያ ማለት ሐኪም ቤት ለገባ ሕመምተኛና እርሱን ለሚያስታምሙ ዘመዶቹ ስለ ደዌው ጠባይ፣ ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድና ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ የሚሰጥ ማናቸውም ቃል፣ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል ከሚለው ከገርጂው የሕክምና ማዕከል አንሥቶ እስከ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ድረስ፣ የዚህ ትምህርት ዋና ተቀባይ ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ሳይሆን አስታማሚው ነው፤ ካርድ የሚያወጣ፣ መድኃኒት ቤት የሚመላለስ፣ ምግብ ከቤት ቋጥሮ የሚያመጣና ሌሊቱን ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ የሚያነጋ እርሱ ነውና።

ማስተማሪያው በጽሑፍ ቢዘጋጅም ነፍስ የሚዘራው በቃል ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ተመላላሽ ሕሙማን ማለዳ ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚላት ነርስ ከፊታቸው ቆማ፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ባለ ሥዕል ፖስተር እያመለከተች ታስተምራለች፤ በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ ያለ ትርጓሜ እንደማይበቃ ሁሉ፣ በዚህም በራሪው ወረቀት ንባቡ፣ የነርሷ ቃል ደግሞ አንድምታው ነው። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ይወሰዳል፤ ነገር ግን ሳሉ በጥቂት ሳምንት ጋብ ሲል ሕመምተኛው «ድኛለሁ» ብሎ ሊተወው ስለሚቃጣ፣ ወረቀቱ «አታቋርጡ» ብሎ ሲያዝ፣ የተረፉት ተሕዋስያን መድኃኒቱን ተላምደው እንደሚነሡ የምታስረዳው እርሷ ናት። በየካ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ዓይኑን ለሚታከም ሽማግሌ ደቃቅ ፊደል የታተመበት ወረቀት ምን ይረባዋል? ለልጅ ልጁ ቢሰጥ ይሻላል። ከሰንዳፋና ከለገጣፎ ወገን ለሚመጣ ሰውም ነገሩ በኦሮምኛ ካልተነገረው፣ የአማርኛው ጽሑፍ ከግድግዳ ጌጥነት አያልፍም።

ከውጭ አገር የተገኘን ጽሑፍ ተርጕሞ ማደል ብቻውን እንዴት እንደሚያስት የሰዓትና የዘመን አቈጣጠር በግልጽ ያሳያል። በፈረንጅ አቈጣጠር «8 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈውን የጠዋት ኪኒን፣ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ የሚቈጥር ኢትዮጵያዊ ከምሳ በኋላ ሊውጠው ይችላል፤ ስለዚህ አስተዋይ ፋርማሲስት ቍጥሩን ትቶ «ጠዋት ከምግብ በኋላ» ብሎ ይጽፋል፣ ማንበብ ለማይችለውም ፀሐይና ጨረቃ ይሥልለታል። ከዚህ የሚብሰው በሣጥኑ ላይ የታተመው የመድኃኒቱ ማብቂያ ዘመን ነው፤ ሁሉን በአገሩ ባሕረ ሐሳብ ለሚያሰላ አስታማሚ፣ ዘመኑ ያለፈበት መድኃኒት ገና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላልና።

የጾም ነገርም እንዲሁ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ወስዶ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳንም እስከ ፀሐይ ግባት እህል ሳይቀምስ ቢቈይ፣ የደሙ ስኳር ከመጠን በታች ወርዶ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊደርስበት ይችላል። በራሪ ጽሑፉ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ቍርስ ዳቦ እንጂ ስለ እንጀራና ሽሮ መጠን አያወራም፤ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ጾምን እንደሚያቀልና ጕዳዩ ከንስሓ አባት ጋር የሚመከርበት መሆኑንም አይጠቅስም። የእምነትና የሕክምና ቃል ሲተባበር ምን ያህል እንደሚረዳ በ1999 ዓ.ም. ታይቷል፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፀበልና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጐን ለጐን መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። በሕመምተኛው ቋንቋ ማስተማር በባሕር ማዶም አለ፤ በሲያትል የሚገኘው ሃርበርቪው የሕክምና ማዕከል፣ ኤትኖሜድ በተባለው ሥራው፣ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች የጤና ትምህርት በአማርኛ ያቀርባል።

በሕግ ረገድ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002፣ እርሱንም ተከትሎ የወጣው ደንብ ቁጥር 299/2006 ቀድሞ ይጠቀሱ ነበር፤ ሕመምተኛው ስለ ሕክምናው ተረድቶ እንዲፈቅድ ማድረግ የባለ ሙያው ግዴታ ነው።

ትምህርቱን በአስታማሚው በኩል የማድረስ ልማድ የተፈተነው በኮሮና ዘመን ነበር። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ሕክምና ተመደበ፤ ለሦስተኛው ሺሕ ዓመት በዓል የተሠራው የቦሌው ሚሌኒየም አዳራሽም አንድ ሺሕ ያህል አልጋ የሚይዝ የሕክምና ማዕከል ሆነ። አስታማሚው ከአልጋው አጠገብ ተከለከለ፤ ወረቀቱን የሚያነብለት ዘመድ ያጣው ሕመምተኛ ትምህርቱን አፉን ከሸፈነች ነርስ ብቻ ይሰማ ጀመር። ቤተ ሰቡ በበኩሉ ምክሩን በ8335 እና በ952 የስልክ መስመሮች ይጠይቅ ነበር፤ የታመመውን ዘመዱን ድምፅ ለመስማት በደወለም ጊዜ፣ ከጥሪው አስቀድሞ በጆሮው የሚገባው እጁን እንዲታጠብ የሚመክረው የኢትዮ ቴሌኮም መልእክት ነበር።