ቆቅና ሕግ፦ ከምኒልክ የዝሆን ድንጋጌ እስከ ቦዮ ረግረግ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከሾኔ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ታናሽ ወንድሜ ማሳ ዳር ቆቅ በአሽክላ ይዞ ሲመለስ አንድ ጎረቤት 'ይህ እኮ ያሳስራል' አለው። የምሩን ነው ወይስ ሊያስፈራራው?» ይላል። አጭሩ መልስ፦ በወረቀት ላይ አዎ፣ ያሳስራል። ረጅሙ መልስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስዳል። ብዙዎቻችሁም ገጠር አድጋችሁ የምታውቁት ነገር ስለሆነ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ስለ የትኞቹ ወፎች እንደምናወራ እንስማማ። በደጋው፣ ከሆሳዕና እስከ አንጋጫና ዶዮገና፣ ነገሩ ቆቅ ነው። ገብስና ስንዴ ማሳ ዳር፣ ከእንሰቱ ጀርባ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ የምትሮጠዋ። ወደ ቆላው ስትወርዱ፣ በምሥራቅ ወደ ቢላቴ፣ በምዕራብ ወደ ጊቤ ሸለቆ፣ በመንጋ የሚሄደው ጅግራ ነው። በሻሾጎ ወረዳ ደግሞ ቦዮ አለ፤ እዚያ የውሃ ወፎች ናቸው። ዋኖስና ድርጭትም አሉ፣ ግን በእኛ አካባቢ ለዋኖስ ብሎ ወጥመድ የሚያጠምድ ትልቅ ሰው አላየሁም። የእረኛ ልጅ ሥራ ነው።

ይቺ «የእረኛ ልጅ ሥራ» የምትለዋ ነገር ዋና ናት። በአገራችን የአደን ታሪክ ውስጥ ክብር የነበረው ለትልቁ አውሬ ነው። ዝሆን የገደለ፣ አንበሳ የገደለ፣ ጎሽ የገደለ ይፎከርለታል፣ ይዘፈንለታል፣ ጌጥ ያደርጋል። ቆቅ ገድሎ የፎከረ ሰው ግን መሳቂያ ነው የሚሆነው። ክብር የሌለበት ነገር ደግሞ ሕግ አውጪ ዓይን ውስጥ ቶሎ አይገባም። ስለዚህ የኢትዮጵያ የአደን ሕግ ከመነሻው ጀምሮ ቀና ብሎ ዝሆኑን ሲያይ፣ እግሩ ሥር የምትሮጠዋን ወፍ ሳያያት ኖሯል።

የመጀመሪያው የአደን ድንጋጌ ተብሎ የሚጠቀሰው የአፄ ምኒልክ ነው፣ በ1901 ዓ.ም. ገደማ የወጣ። ትኩረቱ በዋናነት ዝሆን ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የዝሆን ጥርስ የቤተ መንግሥቱ ገቢ ነው፣ ወደ ውጭ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ጠመንጃው በዝቶ ዝሆኑ እያለቀ ሲመጣ ንጉሡ ገደብ አበጁ። በዚያው ዘመን በአውሮፓም ተመሳሳይ ሐሳብ ይንሸራሸር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ያላቸው መንግሥታት ለንደን ላይ ተሰብስበው የአፍሪካን አውሬ፣ ወፍና ዓሣ ስለመጠበቅ ስምምነት ፈርመዋል። ኢትዮጵያ ከፈራሚዎቹ መካከል አልነበረችም፣ ስምምነቱም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ግን አንድ ነገሩ ያስገርመኛል። ስለ ጠቃሚነታቸው ፈጽሞ አይገደሉ ካሏቸው መካከል ጥንብ አንሳና ጉጉት ነበሩ። እነሱ ጥንብ አንሳን ሲያስቡ እኛ ገና ዝሆን ላይ ነበርን። እርግጥ እነሱም ጥንብ አንሳውን በወረቀት እያዳኑ ዝሆኑን በጥይት እየጨረሱት ነበር፣ እሱን አንርሳ።

በእኛ አካባቢ ያ ዘመን ምን ዘመን ነው? የሐሰን ኢንጃሞ ተጋድሎ አልፎ፣ ሀዲያና ከምባታ በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ፣ ራስ አባተ ቧያለው ዋቸሞ ላይ ከተማ ቆርቁረው በበዓሉ ስም «ሆሳዕና» ያሏት ዘመን ነው። ጠመንጃ በብዛት የገባው ከመጣው ጦር ጋር ነው። በጥይት ማደን የሹምና የወታደር ነገር ሆነ፤ ለገበሬው ጦርና ወጥመድ ቀሩት። ቆቅ ደግሞ ጥይት የሚባክንባት አይደለችም። ስለዚህ ቆቅ በወጥመድ ቀረች፦ ከፈረስ ጭራ በተገመደ አሽክላ። ለፈረስ ደግሞ የሀዲያን አገር ማን ያማዋል!

እንግዲህ የመንግሥት ሕግ ወፏን ካላያት ማን አያት? ሃይማኖትና ባህል ናቸው ያዩዋት። እኔ እንደሚመስለኝ በአካባቢያችን በአእዋፍ አደን ላይ በተግባር የሠራው ሕግ ይህ ብቻ ነው። ቢላዋ ማን ያዘ? የሚለው ጥያቄ። በአገራችን ክርስቲያን የባረከውን እስላም አይበላም፣ እስላም የባረከውንም ክርስቲያን አይበላም። አሽክላ ውስጥ ሞታ የተገኘች ቆቅ ለሁለቱም አትሆንም፤ ደሟ ሳይፈስ የሞተች ናትና። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ታንቆ የሞተና ደም ተከልክሏል፤ በእስልምናም በክት የሞተ ሐራም ነው፣ አዳኙ ሲለቅ ወይም ሲተኩስ «ቢስሚላህ» ማለት አለበት። ይህ ማለት ወጥመድ ያጠመደ ሰው በየጊዜው እየሄደ ማየት ነበረበት። አጥምዶ ሦስት ቀን ረስቶ መሄድ አይቻልም። ለወፏ ተብሎ የወጣ ደንብ አይደለም፣ ግን ውጤቱ ለወፏ ነበር።

ጾሙም እንዲሁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ኦርቶዶክስ በሆነ ቤት በእነዚያ ቀናት ቆቅ የሚይዝ ሰው ምን ሊያደርጋት? በሌላ አገር የአደን ሕግ «ዝግ ወቅት» የሚሉት ነገር እዚህ ሳይታወጅ ነበረ። በእኛ አካባቢ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የወንጌል ሚሲዮናውያን ገቡ፣ ዛሬ ሕዝቡ በአብዛኛው ወንጌላዊ ነው። የጾሙ ቀን መቁጠሪያ ለብዙ ቤት ቀረ። ወቀሳ አይደለም ወገኖቼ፣ እንዳትነሡብኝ። አንድ ልማድ ሲቀየር ሳይታሰብ ሌላ ነገር አብሮት እንደሚቀየር ለመናገር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነገር ደስ አይልም፣ ግን መዝለል አልፈልግም። በሀዲያም በከምባታም የዱር ሥጋ መብላት የሰውን ደረጃ የሚወስን ነገር ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹ ወገኖቻችን፣ ዛሬ ስማቸው እንደ ስድብ የሚጠራው፣ «ያልተፈቀደ ሥጋ ይበላሉ» እየተባሉ ከመሬት፣ ከጋብቻ፣ ከማዕድ ተገልለው ኖረዋል። የሀዲያን ታሪክ ያጠናው ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐርና ሌሎችም ስለዚህ መገለል ጽፈዋል። መሬት ለተከለከለ ሰው ጫካው ጓዳው ነው። ጓዳው አድርጎ ሲበላበት ደግሞ «አየህ፣ ርኩስ ይበላል» ይባላል። ባህል ወፏን ጠበቀ ብለን ስናደንቅ፣ ያው ባህል በማን ጀርባ ላይ እንደቆመ አብረን እናስታውስ። በኋላም የአደን ሕግ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ከጣሊያን መባረር በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 የአደን እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 ወጣ። ልብ በሉ፣ የሚጠበቀው «የሚታደነው» እንስሳ ነው፤ ለአዳኙ እንዲቆይለት። እ.ኤ.አ. በ1970 ትእዛዝ ቁጥር 65፣ በ1972 ደግሞ የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 416 ሲመጡ ርእሱ ተቀይሮ «የዱር አራዊት ጥበቃ» ሆነ። በመካከሉ እነ አዋሽና ስሜን ፓርክ ተብለዋል። ደርግ በ1972 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 192 ደንና ዱር አራዊትን አንድ ላይ አሰራቸው።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ትልቅ ለውጥ ሳናስተውለው አልፏል፤ ወፏ የማን ናት የሚለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1151 ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር ባለቤት ለመሆን አስቦ የያዘ ሰው ባለቤቱ ይሆናል ይላል። ከሮማውያን ጀምሮ የዚህ ሐሳብ የተለመደ ምሳሌው የዱር እንስሳ ነው፤ የሰማይ ወፍ የያዛት ሰው ናት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። ማሳህ ዳር እንቁላል የጣለችው ቆቅ የማንም ያልሆነች መስላ ትታያለች እንጂ ባለቤት አላት።

አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ነው፣ ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 163/2000። የዱር እንስሳ የሚለው ትርጉም አእዋፍንም ይጨምራል። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ቅጣቱ ከ5,000 እስከ 30,000 ብር፣ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም። እንግዲህ የተማሪዬ ጎረቤት ውሸታም አይደለም ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ጠመንጃውም ራሱ ፈቃድ ይፈልጋል።

ለተማሪዬ አንድ ማረጋጊያ ልስጠው፦ በወንጀል ሕጉ ዕድሜው ዘጠኝ ያልሞላ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፣ ከዘጠኝ እስከ አስራ አምስት ያለውም እንደ አዋቂ አይቀጣም። ታናሽ ወንድምህ ግን አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ብለኸኛል። ስለዚህ አሽክላውን ይሰብስብ።

ሕጉን ሳነበው የሚከነክነኝ ቅጣቱ አይደለም። ፈቃዱ ነው። ሥርዓቱ የተሠራው በዋናነት ከውጭ ለሚመጣ፣ ዶላር ለሚከፍል፣ ቀንድ ይዞ ለሚመለስ አዳኝ ነው። ሙኔሳ፣ ሀንቶ፣ አባሻባ ደመሮ የሚባሉትን የአደን ቀጣናዎች አስቡ፤ ሰው የሚሄደው ለደጋ አጋዘን ነው። ለሻሾጎ ገበሬ «በዓመት ይህን ያህል ጅግራ፣ በዚህ ወር፣ በዚህ ዘዴ» የሚለው፣ ቀበሌው ድረስ ወርዶ የሚያስረዳው የለም። ስለዚህ ለእሱ ሕጉ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ አይቻልም። በገደብ የሚፈቅድ ሕግ ሰው ያከብረዋል፣ ይቆጥራል፣ ጎረቤቱንም ይጠብቃል። ሙሉ በሙሉ የሚከለክልና የሚያስፈጽመው የሌለ ሕግ ግን ሰውን የሚያስተምረው መደበቅን ነው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ የማትስማሙ ተከራከሩኝ።

ሌላው ዓለም ለወፍ ሕግ ሲያወጣ ሦስት ነገር ነው የሚይዘው፦ ጊዜ፣ ቁጥርና ዘዴ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1831 ባወጡት የአደን ሕግ ለየወፉ የሚዘጋበትን ወቅት ደንግገዋል። አሜሪካኖች ዘግይተው ነው የነቁት፤ በቢሊዮን ይቆጠር የነበረ የርግባቸው ዘር የመጨረሻዋ በ1914 ሲንሲናቲ በሚገኝ መካነ እንስሳት ውስጥ ሞተች፣ የስደተኛ አእዋፍ ሕጋቸው የመጣው በ1918 ነው።

እና ይህን ስሙኝ። በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን የምትገኝ አንዲት ቆቅ አለች፣ ጀርመናዊው ተጓዥ ሩፔል በ1835 በሳይንስ ስም ያስመዘገባት። እ.ኤ.አ. በ1957 ለአደን ተብላ ሃዋይ ደሴቶች ላይ ተለቀቀች። ዛሬ እዚያ ተራብታ ትታደናለች፤ ግን ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ወቅት፣ በፈቃድና በቀን በተወሰነ ቁጥር። የእኛው ቆቅ በሰው አገር የራሷ ወቅትና የራሷ ቁጥር አላት!

የቀረኝ ቦዮ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለአእዋፍ አስፈላጊ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 69 ሥፍራዎች አንዱ ነው። የፈረንጆቹን ክረምት ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች እንደዚህ ባሉ ረግረጎች ነው የሚያርፉት። ኢትዮጵያም በ2010 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካና የዩሬዥያ ስደተኛ የውሃ አእዋፍ ስምምነት አባል ሆናለች። በእኛ አገር ዳክዬ የሚበላ ሰው ጥቂት ስለሆነ ቦዮን አዳኝ አይደለም የሚያሰጋው። የሚያሰጋው መሬት ነው። ሕዝቡ በዝቷል፣ ማሳው ጠቧል፣ ውሃው ሸሸት ባለ ቁጥር በሬና ሞፈር ይከተለዋል። ደጋውም ላይ ያው ነው፤ ቆቅ የምትደበቅበት ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፣ ባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ ሣርም አይበቅል። አንድ ቆቅ በአሽክላ የያዘ ወጣት ወንጀለኛ ነው። መቶ ቆቅ የሚፈለፈልበትን ቁጥቋጦ የመነጠረ ሰው ግን በአደን ሕጉ አይጠየቅም፤ አደን አይደለማ!

በነገራችን ላይ የቆቅን፣ የጅግራንና የድርጭትን ስም በሀዲይኛና በከምባትኛ፣ እንዲሁም የወጥመድ ዓይነቶችን ስም እየሰበሰብኩ ነው። የሌሞና የሶሮ ሰዎች፣ የቃጫ ቢራና የሀደሮ ልጆች፣ በየሰፈራችሁ የሚባለውን ከታች ጻፉልኝ። አባቶችን ጠይቃችሁ ከሆነ ደግሞ ከማን ሰፈር እንደሰማችሁት ጨምሩበት።