የጓያ ነቃይ እና የአንጎል ትምህርት

የፊት የፊቱን ብቻ ለሚያይ ሰው «እንደ ጓያ ነቃይ» እንላለን። አባባሉ ስለ አንጎል ሳይንስ ባሰብኩ ቁጥር ይመጣብኛል። ምክንያቱም እኛ አገር ነርቭን ለማጥናት ሰዎችን ከየሙያቸው አውጥተው ካገናኙት ነገሮች አንዱ ይኸው ጓያ ነው።

ከሳንቃ በር ወርዳችሁ፣ ደባርቅንና ዳባትን አልፋችሁ፣ ከጎንደር ወደ ጣና ስትቀጥሉ ደንቢያ ትደርሳላችሁ። እኛ ደጋዎቹ ገብስ ነው የምናውቀው። እዚያ ታች ጥቁሩ መሬት ላይ ግን ውሃ ሲተኛም ዝናብ ሲጠፋም ጓያ ይበቅላል። ሌላው እህል ሲከዳ እሱ ይቀራል፤ ጣጣውም የሚመጣው ያኔ ነው። ሰው ሁለት ሦስት ወር ዋና ምግቡ ጓያ ብቻ ከሆነ እግሩ ሊያዝ ይችላል። አእምሮው ደህና ነው፤ እግሩ ግን ይገተራል፣ ሲራመድ እንደ መቀስ ይጠላለፋል። አንዴ ከያዘም አይለቅም። ይበልጥ የሚያጠቃው ደግሞ ወጣት ወንዶችን፣ ማለትም አራሾቹን ነው።

ገበሬው ጥፋተኛው ጓያ መሆኑን ያውቃል። «እንዴት?» ሲባል ግን አንዱ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው ይላል፣ ሌላው ገለባው ላይ መተኛት ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1964 የህንድ ኬሚስቶች ከፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ኦዳፕ ግሉታሜትን ይመስላል። ግሉታሜት ደግሞ የነርቭ ሴሎች አንዱ ሌላውን የሚቀሰቅሱበት መልእክት ነው። በእኔ ሥራ ቋንቋ ልንገራችሁ፦ ሐሰተኛ ተጠቃሚ በትክክለኛ ፓስወርድ ገብቶ ሰርቨሩ እስኪወድቅ ድረስ በጥያቄ ያጨናንቀዋል እንደማለት ነው። ሴሉ ያለ ዕረፍት ሲቀሰቀስ ይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ1993 የጓያ ሽባነት በሚታይበት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ስላለው ጓያ አንድ ጥናት ታተመ። ከጸሐፊዎቹ መካከል የነርቭ ሐኪሙ ረዳ ተክለሃይማኖት፣ ኬሚስቱ ብርሃኑ አበጋዝ እና ኦሪጎን ይሠራ የነበረው የነርቭ መርዝ ተመራማሪ ፒተር ስፔንሰር ይገኙበታል። አንድ እግር፣ ሦስት ሙያ።

ውጭ አገርም ነገሩ እንዲሁ ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤምአይቲ ውስጥ ፍራንሲስ ሽሚት የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የሳይኮሎጂ ሰዎችን አንጎል ላይ እንዲነጋገሩ ሰበሰበ። ዛሬ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው ኒውሮሳይንስ የዚያ ስብስብ ልጅ ነው፤ ተማሪው ኬሚስትሪም፣ ስታቲስቲክስም፣ ኮዲንግም፣ ሳይኮሎጂም ይዞ ይወጣል።

ለጎንደር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና ሳኒተሪያኑን አብረው እንዲሠሩ በቡድን ነበር የሚያሠለጥነው። ዳባት ላይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ የሕዝቡን ጤና ቤት ለቤት ይከታተላል።

እኛ ግን ውጤት መጥቶ ዲፓርትመንት ስንመርጥ «አንጎል ከፈለግህ ሕክምና ግባ» እንባላለን። ሕክምና ካልደረሰን ጥያቄውም አብሮ ይዘጋል። ለምን ይዘጋል? ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን እንደሚቀንስ የሚያስረዳው ኬሚስት ነው። ኦዳፑ ያነሰ ዝርያ የሚያወጣው የእርሻ ሰው ነው። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን እንደሚቀንስ ቆጥሮ የሚያሳየው ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ነው። የተመደባችሁበት ዲፓርትመንት ምንም ይሁን፣ የአንጎልን ጥያቄ የምትይዙበት አንድ ጫፍ አለው።

ሥራውም ገና አላለቀም። ሁለት ወንድማማቾች ከአንድ ትሪ ጓያ ይበላሉ፤ አንዱ ምርኩዝ ይይዛል፣ ሌላው አርሶ ይገባል። ለምን አንዱን ብቻ? መልሱን ሙሉ በሙሉ የሰጠ ዲፓርትመንት እስካሁን የለም።