ተከታታይ ሕክምና የሚሹ ወገኖች ለጎርፍ ወቅት ሊያደርጉት የሚገባ ዝግጅት

በአገራችን አብዛኛው የጎርፍ አደጋ የሚደርሰው በክረምት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዋቤ ሸበሌ ተፋሰስ ግን ወንዙ በበልግ ዝናብም ይሞላል። አደጋው ሁልጊዜ ከደመና ጋር አይመጣም፤ በአፋር ሜዳ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በደጋው የዘነበው ዝናብ አዋሽን ከዳር እስከ ዳር ሊያስሞላው ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ነዋሪው በተኛበት ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በእንዲህ ያለ ሌሊት መድኃኒት ፈልጎ ለመያዝ ፋታ አይገኝም። ስለዚህ መድኃኒቱን፣ የቀጠሮ ካርዱን፣ የሐኪም ማዘዣውንና የጤና መድን መታወቂያውን ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ሁሉም የቤተሰብ አባል በሚያውቀው ከፍ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል።

መድኃኒት እንዳይቋረጥ

ጎርፍ በሚያሰጋው ወይም በክረምት መንገዱ በሚቋረጥ አካባቢ የሚኖር ታካሚ ይህንኑ በሰኔ ቀጠሮው ለሐኪሙ ማስረዳት ይኖርበታል። ሐኪሙ እንደ ሕመሙ ሁኔታ ከተለመደው የአንድ ወር መጠን በላይ ሊያዝለት ይችላል። ለፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች የ3 እና የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት አሠራር አለ። ብዙ ታካሚዎች ካልተጠየቁ አይናገሩም፤ ይሁንና ሐኪሙ የሰፈርዎን መንገድ አያውቅምና እርስዎ ይንገሩት።

የሚጥል ሕመም መድኃኒት፣ በተለይም ፊኖባርቢታል፣ በድንገት ሲቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ማቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን እንዲለማመድ ያደርጋል። ከመኖሪያዎ ከተፈናቀሉ በመጠለያው አቅራቢያ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ወዲያውኑ ይሂዱ፤ ካርድ ቢጠፋብዎትም እንኳ አይቅሩ።

ኢንሱሊን

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። በአገልግሎት ላይ ያለ ብልቃጥ ግን ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ለ4 ሳምንታት ያህል ሊቆይ ስለሚችል፣ መብራት ስለጠፋ ብቻ መጣል የለበትም። ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ አየሩ ደረቅ ከሆነ፣ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስገብቶ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መሙላት ይረዳል። ብልቃጡ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በትንሹ ማሰሮ ይቀመጣል፤ አሸዋውም እንዳይደርቅ ውሃ ይጨመርበታል። ኢንሱሊን በበረዶ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ አንድ ጊዜ ከረጋ ቢሟሟም አያገለግልም። ጥርት ያለ መሆን የሚገባው ኢንሱሊን ከደፈረሰም አይወሰድ። ምግብ ሳይገኝ የተለመደውን መጠን መውሰድ የደም ስኳርን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርድ ስለሚችል ስኳር ወይም ከረሜላ ከመድኃኒቱ ጋር ይያዝ።

የኩላሊት እጥበት፣ ኦክስጅንና ወሊድ

የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ታካሚዎች የጎርፍ ማስጠንቀቂያ እንደተሰማ፣ መንገድ ሳይዘጋ፣ ሕክምናውን ወደሚያገኙበት ከተማ ቢጠጉ ይመረጣል። እጥበቱ ከዘገየ የሚጠጣ ፈሳሽን፣ ጨውን፣ እንዲሁም እንደ ሙዝና ብርቱካን ያሉ ፍራፍሬዎችን መቀነስ ያሻል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ የሚጠቀሙ ደግሞ መጠባበቂያ ሲሊንደር ስለሚያገኙበት መንገድ ከሆስፒታላቸው ጋር ቀድመው ይነጋገሩ።

የመውለጃ ጊዜያቸው ክረምት ላይ የሚውል እናቶች ምጥ እስኪመጣ መጠበቅ አይኖርባቸውም፤ የእናቶች ማቆያ ባለበት ጤና ጣቢያ ቀደም ብለው ገብተው መቆየት ይችላሉ። ያለ ረዳት መንቀሳቀስ የማይችል ሰው በቤቱ ያለ ቤተሰብም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ለቀበሌው ያሳውቅ፤ ማን እንደሚሸከመውም ከጎረቤት ጋር በስም ተለይቶ ይወሰን።

ከጎርፉ በኋላ

የጎርፍ ውሃ የነካው መድኃኒት፣ ቢደርቅም፣ አይወሰድ። የመጠጥ ውሃ ይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ ይታከም። አምቡላንስ ለመጥራት 907፣ የጤና መረጃ ለመጠየቅ ወይም የተቅማጥ ወረርሽኝ ጥርጣሬን ለመጠቆም 8335 ይደውሉ።