አስነሺ፦ ዲስኩ ሳይሞት ኮምፒውተሩ የማይነሳው ለምንድን ነው?

አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ቀሰስ ሲል ዛሬ ከቴክኒሻን የሚሰማው የመጀመሪያው ምክር አንድ ነው፤ ኤስኤስዲ ይግባበት። ምክሩ ልክ ነው። 240 ጊጋባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ ይገዛል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንበታል፣ የቀድሞው 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ደግሞ ለፎቶና ለሰነድ ማስቀመጫ እዚያው ይቀራል። ማሽኑ ይፈጥናል። ከወራት በኋላ አሮጌው ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል፤ ባለቤቱም «ዊንዶውሱ እንደሆነ አዲሱ ላይ ነው» ብሎ ነቅሎ ያወጣዋል። ማብሪያውን ሲጫን ግን ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚነሳበት ዲስክ እንዳልተገኘ የሚናገር አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ ይወጣል።

ዊንዶውሱ አልጠፋም። ኤስኤስዲው ላይ ካለው ፋይል አንዱም አልተነካም። የጎደለው ቡትሎደር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ሳይታወቅ አሮጌው ዲስክ ላይ ተቀምጦ ኖሯል።

ቡትሎደርን በአማርኛ «አስነሺ» ማለት ያስኬዳል። መኪናውም፣ ጄኔሬተሩም «አልነሳ አለ» ስለሚባል ግሱ ለማሽን እንግዳ አይደለም። ዘመዶቹንም ከዚያው ማውጣት ይቻላል፦ ቡት ማድረግ «ማስነሳት»፣ ቡት ኦርደር «የማስነሻ ተራ»፣ አስነሺው የሚያድርበት ፓርቲሽን «የማስነሻ ክፍል»። የእንግሊዝኛው ቃል መነሻ የቦት ጫማ ማጥለቂያ ማሰሪያ ነው፤ የገዛ ጫማውን ማሰሪያ ይዞ ራሱን ከመሬት ስለሚያነሳ ሰው ከሚነገር አባባል ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ኮምፒውተር ሙያ ገባ።

አባባሉ የያዘው እንቆቅልሽ እውነተኛ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ራሙ ባዶ ነው፤ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ያለው ዲስክ ላይ ነው፤ ከዲስክ አንብቦ ራም ላይ የሚያወጣው ፕሮግራም ደግሞ ራሱ መነበብ አለበት። ስለዚህ ሥራው በርክክብ ይሄዳል። መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠው ፕሮግራም ይነቃል፤ በድሮዎቹ ማሽኖች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። እሱ አስነሺውን ፈልጎ ያገኛል። አስነሺው በተራው ሲስተሙን አምጥቶ ያስረክባል። አንድ ዲስክ ብቻ ባለበት ማሽን ፍለጋው ቀላል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሲሆኑ ጣጣው ይጀምራል።

ባዮስ የሚፈልግበት መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1983 የመጣ ነው። በዚያ ዓመት አይቢኤም 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ የያዘውን ፒሲ ኤክስቲ ሲያወጣ አብሮት የመጣው ፒሲ ዶስ 2.0 የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር ለማስነሻ መደበ። ሴክተሩ 512 ባይት ብቻ ነው። ከዚህ ውስጥ 64 ባይቱ እያንዳንዳቸው 16 ባይት የሚይዙ የ4 ፓርቲሽኖች መዝገብ ነው፤ የመጨረሻዎቹ 2 ባይቶች ማረጋገጫ ምልክት ናቸው፤ ለአስነሺው ቢበዛ 446 ባይት ይቀራል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ለአንድ ሆሄ 3 ባይት ስለሚፈልግ በዚህ ቦታ ከ148 ሆሄ በላይ መጻፍ አይቻልም። እንዲህ የጠበበ ፕሮግራም ዊንዶውስን ራሱ አያነሳም፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠውን ትልቁን አስነሺ ይጠራል። ባዮስ ደግሞ ፋይልና ፎልደር አያውቅም፤ በተራው ቀዳሚ የሆነውን ዲስክ የመጀመሪያ ሴክተር አንብቦ ያገኘውን ያስኬዳል። ተራው ከተዛባ ሁሉም ነገር ይዛባል።

ዩኢኤፍአይ ይህን ለማሻሻል የመጣ ነው። ኢንቴል ለኢታኒየም ማሽኖቹ በጀመረው ሥራ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የበርካታ ኩባንያዎች ኅብረት ይመራዋል። በዚህ አሠራር አስነሺው እንደማንኛውም ፋይል «የማስነሻ ክፍል» ውስጥ ይቀመጣል፤ ዊንዶውስ ለዚህ ክፍል በአብዛኛው የሚመድበው 100 ሜጋባይት ነው። ማዘርቦርዱ ደግሞ በራሱ ማስታወሻ ውስጥ የአድራሻ ዝርዝር ይይዛል፦ የትኛው ዲስክ፣ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ፋይል። እንግዲህ አድራሻው ማዘርቦርዱ ላይ፣ አስነሺው አንዱ ዲስክ ላይ፣ ሲስተሙ ሌላው ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የኤስኤስዲው ታሪክ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የዊንዶውስ መጫኛ ሥራውን ሲጀምር ከተሰኩት ዲስኮች በአንዱ ላይ አስቀድሞ የተሠራ የማስነሻ ክፍል ካገኘ፣ ብዙ ጊዜ አዲስ አይሠራም፤ ያንኑ ይጠቀማል። ዊንዶውሱ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ይሰፍራል፣ አስነሺው አሮጌው ዲስክ ላይ ይጻፋል። አዲስ ቤት ገብቶ ቁልፉን ግን የቀድሞው ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እንደመጣ ሰው ይሆናል። ሁለቱም ዲስኮች እስካሉ ድረስ ማንም ልብ አይለውም።

የማይክሮሶፍት አሰያየምም ግርታውን ያባብሰዋል። በኩባንያው ቋንቋ የአስነሺው ፋይሎች ያሉበት «ሲስተም ፓርቲሽን»፣ ዊንዶውስ ራሱ ያለበት ደግሞ «ቡት ፓርቲሽን» ይባላል፤ ሰው ከሚጠብቀው ጋር ተገላቢጦሽ ነው። በዲስክ ማኔጅመንት መስኮት ላይ «ቡት» የሚል ጽሑፍ አይቶ «ማስነሻው አዲሱ ላይ ነው» ብሎ የደመደመ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሊኑክስም ከዚህ አላመለጠም። ብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች የሚጠቀሙበት አስነሺ ግረብ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 ቡትሆል የተባለ የደኅንነት ክፍተት ተገለጠበትና ማስተካከያው በፍጥነት ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ባለ ብዙ ዲስክ የኡቡንቱና የዴቢያን ማሽኖች አልነሳ አሉ። በባዮስ በሚነሱ ማሽኖች ላይ ግረብ ሁለት አካል አለው፤ አንዱ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው እምብርት ነው፣ ሌላው ፎልደር ውስጥ ያሉት ሞጁሎች ናቸው። ማስተካከያው ሞጁሎቹን አደሰ፤ እምብርቱን ግን የጻፈው ሲስተሙ ራሱ በያዘው መዝገብ ላይ በተመለከተው ዲስክ ላይ ነበር። ባዮስ ማሽኑን የሚያስነሳው ከሌላኛው ዲስክ ከሆነ፣ እዚያ የቀረው አሮጌ እምብርት ከአዲሶቹ ሞጁሎች ጋር መግባባት አቃተውና ማሽኑ የግረብ ማዳኛ መስመር ላይ ቆሞ ቀረ። ዲስኮቹ ግን ሁሉም ጤነኞች ነበሩ፤ መድኃኒቱም በፍላሽ ተነስቶ ግረብን በትክክለኛው ዲስክ ላይ እንደገና መጻፍ ነበር።

ሲስተሞቹን በየራሳቸው ዲስክ ማስቀመጥም ሁልጊዜ አያድንም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 2024 የወጣ የዊንዶውስ ዝማኔ ያረጁ የሊኑክስ አስነሺዎችን የሚያግድ መመሪያ ይዞ መጣ። ሊኑክስ አብሮ ባለበት ማሽን ላይ እንዳይሠራ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም በአንዳንዶቹ ላይ ሠራ። እገዳው የሚጻፈው ማዘርቦርዱ ማስታወሻ ላይ በመሆኑ ሊኑክሱ በሌላ ዲስክ መቀመጡ አልጠቀመውም።

ጥገናው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቢሄድ ይመረጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ ማዘርቦርዱ ዲስኩን ያየዋል ወይ የሚለው ነው። ወደ ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ ገጽ ገብቶ የዲስኩን ስም መፈለግ ነው። ስሙ ከሌለ ጉዳዩ የአስነሺ አይደለም፤ የዳታ ወይም የኃይል ኬብል ላልቶ ይሆናል። ኤም ዶት ቱ የሚባለው ቀጭን ኤስኤስዲ በቅርቡ ከተገጠመ ደግሞ ሌላ ሰበብ አለ፦ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ያ ማስገቢያ ሲያዝ ከሳታ መሰኪያዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ሥራ ያቆማሉ። ኬብሉን ወደ ሌላ መሰኪያ ማዛወር ይበቃል።

ዲስኩ ከታየ ቀጣዩ የማስነሻ ተራው ነው። ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ ተራ ይቀድማል። በድሮ ባዮሶች ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ዝርዝሩ ሁለት ነው። አንደኛው «ሲዲ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ፍላሽ» እያለ በዓይነት ያስቀምጣል፤ ከሃርድ ዲስኮቹ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ግን ሌላ ገጽ ላይ ያለው ሁለተኛው ዝርዝር ነው። ሰዓቱና ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ማሽን ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው 3 ቮልት የሲአር2032 ባትሪ አልቃለች ማለት ነው፤ ከሰዓቱ ጋር የማስነሻ ተራውም ሊጠፋ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር እንዲህ ያለው ማሽን መብራት በሄደ ቁጥር አልነሳም ሊል ይችላል፤ ባትሪዋን መለወጥ ይበቃዋል። ተራውን ሳይቀይሩ ለአንድ ጊዜ ብቻ ዲስክ ለመምረጥ ማሽኑ ሲበራ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ይጫናል።

ሦስተኛው ስልቱ ነው። በድሮው የባዮስ ስልት የተጫነ ዊንዶውስ ዩኢኤፍአይ ብቻ በተፈቀደበት ማሽን ላይ አይነሳም፤ ተገላቢጦሹም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ አስነሺውን ራሱን መጻፍ ይቀራል። የነቀሉት ዲስክ አሁንም የሚሠራ ከሆነ ቀላሉ መንገድ መልሶ መሰካት ነው፤ ዊንዶውሱ ይነሳል። ከዚያ ኤስኤስዲው ላይ የማስነሻ ክፍል ከሌለ ከዊንዶውሱ ፓርቲሽን ላይ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ቀንሶ በፋት 32 መሥራት፣ ቀጥሎም ቢሲዲቡት በተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ የአስነሺውን ፋይሎች ወደዚያ መገልበጥ ነው። ዲስኩ ከሌለ ይኸው ሥራ ከዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ተነስቶ ይሠራል። እዚያ ሲገባ የዲስኮቹ ፊደል ሊቀያየር ይችላል፤ ትናንት ሲ የነበረው ዛሬ ዲ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል የዊንዶውስ ፎልደሩን በዓይን ሳያዩ ትእዛዝ መስጠት አደጋ አለው። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አኃዝ የማስመለሻ ቁጥሩን አስቀድሞ ማዘጋጀት ያሻል፤ የማስነሻ ቅንብር ሲነካ ማሽኑ ሊጠይቅ ይችላልና።

በጥገና ቤቶች «ቡት አያደርግም» ለሚል ደንበኛ በፍጥነት የሚሰጠው መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ማሽኑ ይነሳል፣ በዲስኩ ላይ የነበረው ግን ይሄዳል። በባለ ብዙ ዲስክ ማሽን ላይ ፎርማቱ ችግሩን ላይፈታውም ይችላል፤ ሌላው ዲስክ ተሰክቶ እያለ ከተጫነ መጫኛው አስነሺውን እንደገና እዚያው ይጽፈዋል። ጠንቃቃ ቴክኒሻን ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት ከሚጫንበት ዲስክ በቀር ሌሎቹን ሁሉ ይነቅላል፤ ጨርሶ ማሽኑ ብቻውን መነሳቱን ካየ በኋላ ይመልሳቸዋል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ማብቃቱ ይህን ጉዳይ ወደ ብዙ ቤትና ቢሮ አምጥቶታል። ዊንዶውስ 11 ዩኢኤፍአይን የግድ ይላል። በድሮው ስልት የተከፋፈለ ዲስክ ያለው ሰው ፋይሉን ሳያጠፋ የሚቀይርበት መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ መጥቷል፤ ስሙ ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ ነው። ዲስኩ ላይ ከ3 በላይ ዋና ፓርቲሽን ካለ አይሠራም። ሥራውን ሲጨርስ አዲሱን የማስነሻ ክፍል በዚያው ዲስክ ላይ ይፈጥራል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ወደ ማዘርቦርዱ ገጽ ገብቶ ስልቱን ወደ ዩኢኤፍአይ ካልቀየረው ግን ማሽኑ ያው አልነሳም ይላል።