ከሐኪም በፊት የሚከፈል ሒሳብ

ለንደን ያለ ባሏን ለመቀላቀል ከአዲስ አበባ የምታመለክት ሚስት የትዳር ቪዛ ቅጹን በኢንተርኔት ሞልታ ስትጨርስ፣ ከማመልከቻው ዋጋ ሌላ የ3,105 ፓውንድ ሒሳብ ይወጣባታል። ገና አውሮፕላን አልተሳፈረችም፤ ሐኪምም አላየችም። ያለዚህ ክፍያ ግን ማመልከቻዋ አይታይም።

ቁጥሩ የመጣው እንዲህ ነው። ብሪታንያ ከስደተኞች የምትሰበስበው የጤና ክፍያ፣ በተለምዶ «ኸልዝ ሰርቻርጅ» የሚባለው፣ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው። ከውጭ ላመለከተ የትዳር ጓደኛ የሚሰጠው ቪዛ 2 ዓመት ከ9 ወር ይቆያል። ደንቡ ከ6 ወር ያለፈውን ቁራጭ ጊዜ እንደ ሙሉ ዓመት ስለሚቆጥረው የ3 ዓመት ይከፈላል፤ ቪዛው የማይሸፍናቸው ሦስት ወራት ጭምር። ቪዛው ለ2 ዓመት ተኩል ሲታደስ 2,587 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ይከተላል። ቋሚ መኖሪያ ሲጠየቅ ክፍያው ይቀራል፤ እስከዚያ ግን ለአንድ ነፍስ 5,692 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ወጥቷል። አገር ውስጥ ሆነው ለቋሚ መኖሪያ 10 ዓመት በሚፈጀው መንገድ የሚጓዙትማ 10,350 ይደርስባቸዋል።

ክፍያው የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ2014 የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በኤፕሪል 2015 ሲጀመር 200 ፓውንድ ነበር። በጃንዋሪ 2019 ወደ 400፣ በኦክቶበር 2020 ወደ 624፣ በፌብሩዋሪ 2024 ወደ 1,035 ወጣ፤ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ ከአምስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። መንግሥት ሁልጊዜ የሚያቀርበው ምክንያት አንድ ነው፦ አዲስ ገቢዎች ለብሪታንያ የሕዝብ ጤና አገልግሎት፣ ለኤንኤችኤስ፣ ወጪ ድርሻቸውን ያዋጡ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። በጁላይ 2023 ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ የመንግሥት ሠራተኞችን የደመወዝ ጭማሪ ለመሸፈን የቪዛ ዋጋንና ይህንኑ የጤና ክፍያ እንደሚጨምሩ ሲያስታውቁ፣ የሒሳቡ መነሻ የበሽተኛ ወጪ ብቻ አለመሆኑ ታየ።

ተቺዎች ቀድሞም የሚያነሱት ነጥብ አለ። ኤንኤችኤስ የሚተዳደረው በዋናነት ከግብር ነው። በትዳር ቪዛ የገባች ሴት ሥራ እንደያዘች የገቢ ግብርና የብሔራዊ መድን መዋጮ ከደመወዟ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ለአንድ ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ትከፍላለች። ያም ሆኖ እንግሊዝ ውስጥ መድኃኒት በሐኪም ሲታዘዝላትና ጥርሷን ስትታከም እንደማንኛውም ነዋሪ ትከፍላለች። ልጅ ለመውለድ የላቦራቶሪ ፅንስ ሕክምና ካስፈለጋትም፣ ከኦገስት 2017 ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ የጤና ክፍያው አያካትተውም። ከአዲስ አበባ ከመነሳቷ በፊት ደግሞ በዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ክሊኒክ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ከኪሷ ከፍላ አድርጋለች።

ለቤተሰብ የሚከብደው ግን ከመጠኑ ይልቅ አከፋፈሉ ይመስላል። 1,035 ፓውንድ በወር ሲካፈል 86 ፓውንድ ከሩብ ነው፤ እንደ እቁብ በየወሩ ቢጣል ብዙ ሠራተኛ ይችለው ነበር። የሚጠየቀው ግን በአንድ ጊዜ፣ በቅድሚያ፣ በየነፍስ ወከፉ ነው። አንዲት እናት ከሁለት ልጆች ጋር ስታመለክት፣ ለልጅ በዓመት 776 ፓውንድ ስለሆነ፣ የጤናው ብቻ 7,761 ፓውንድ ይሆናል። በኤፕሪል 2025 ታሪፍ ለእያንዳንዳቸው 1,938 የማመልከቻ ዋጋ ሲታከል 13,575።

ክፍያው ሊነሳ እንደሚችል ፖለቲካው ራሱ አሳይቷል። በኮሮና ወቅት፣ ሜይ 20 ቀን 2020፣ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ፓርላማ ቆመው ክፍያውን ተከላከሉ፤ በማግሥቱ ለጤናና ለእንክብካቤ ሠራተኞች እንዲቀር አዘዙ። በትዳር ቪዛ ገብተው በዚያው ሙያ የተሰማሩ ዛሬም መጀመሪያ ከፍለው፣ ኋላ በየ6 ወሩ ያስመልሳሉ። ለሌላው ባለ ትዳር እንዲህ ያለ ጩኸት አልተሰማም።

በስደት ለገቡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ከመሰደዱ በፊት የነበሩትን ሚስትና ልጆች የሚያመጣበት መንገድ ነጻ ነበር፤ የማመልከቻም የጤናም ክፍያ የለበትም። ያው ሰው የብሪታንያ ዜግነት ከያዘ ግን ወደ ከፋዮቹ ሰልፍ ይዛወር ነበር። ከስደት በኋላ ያገባም እንዲሁ። ፓስፖርቱን ቶሎ ማውጣት ቤተሰብን በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ሊያስወጣ መቻሉን አስቀድሞ የነገረው ያለ አይመስልም።

ከሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 ጀምሮ ነጻው መንገድ ለአዲስ አመልካች ስለታገደ፣ ጥገኝነት ያገኘውም ወደ ቤተሰብ ቪዛው ዞሯል። መክፈል የማይችል ነጻ ይደረግልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል፤ ደንቡ ያንን በር አልዘጋም። ግን የትዳር ቪዛው በመደበኛው መስፈርት በዓመት 29,000 ፓውንድ ገቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ያው ባል በአንድ ማህደር ቤተሰብ ለማስተዳደር አቅም እንዳለው፣ በሌላው 3,105 ፓውንድ ለማውጣት አቅም እንደሌለው ያስረዳል፤ ሁለቱንም በዚያው የባንክ ስቴትመንት።